የንዑስ ባቡር ማኅቶት

የእውነተኛውን ባቡር መልክና ቁመና ሳያዛንፉ አሳንሶ መሥራት፣ ሠርቶም በጠረጴዛ ላይ በተነጠፈ ሐዲድ በኤሌክትሪክ ማስኬድ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ የእጅ ጥበብ ነው። ሲጀመር የልጆች መጫወቻ ነበረ፤ እያደር ግን ጎልማሶች፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲሶች ሳይቀሩ፣ የዕረፍት ሰዓታቸውንና የኪሳቸውን ገንዘብ የሚያፈስሱበት፣ የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ መለኪያና የራሱ ሊቃውንት ያሉት ሙያ ሆነ። ከዚህ ሙያ ቅርንጫፎች አንዱ፣ ለተመልካች ትንሽና ተርታ መስሎ የሚታየው፣ ለሚሠራው ሰው ግን ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቀው፣ በመንገደኞች ፉርጎ ውስጥ መብራት የማስገባት ሥራ ነው።

ተርታ መስሎ የሚታይበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አምፖል ገዝቶ፣ ሽቦ ቀጥሎ፣ ከጣሪያ ሥር ለጥፎ ማብራት ለማንም አይከብድም። የሚከብደው ፉርጎው ቆሞ ሳለ የበራው መብራት ሲሄድም እንዳይቆራረጥ ማድረግ ነው። ቤት ከመሠረቱ አይነቃነቅምና ሽቦው አንድ ጊዜ ከተዘረጋለት ይበቃዋል፤ ፉርጎ ግን ከኃይል ምንጩ ጋር የሚያገናኘው ነገር ቢኖር፣ የሚሽከረከር መንኮራኩሩ ሐዲዱን የሚነካበት በዓይን የማትለይ ጠባብ ቦታ ብቻ ናት፤ በዚያች ቦታ ላይ አቧራ ቢያርፍ፣ ዘይት ቢንጠባጠብ፣ ወይም ሐዲዱ ለቅጽበት ቢቋረጥ፣ ጣሪያው ሥር ያለው ማኅቶት የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ይጠፋል። ስለዚህ የፉርጎ ብርሃን የሚጀምረው ከጣሪያው ሳይሆን ከመንኮራኩሩ ነው ማለት ይቻላል፤ ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረውም ሁሉ የዚሁ አሳብ ማብራሪያ ነው።

ይህ ችግር ከንዑሱ ባቡር በፊት የዐቢዩ ባቡር ችግር ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1830 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑልና በማንቸስተር መካከል ያለው የባቡር መንገድ ከተከፈተ በኋላ፣ የሌሊት ጉዞ እየተለመደ ሲሄድ፣ ለመንገደኛው የተሰጠው ብርሃን በጣሪያው ላይ በተበሳ ቀዳዳ በኩል ከላይ ወደ ታች የሚሰካ የዘይት ፋኖስ ነበር፤ ፋኖሶቹንም ለመትከልና ለመለኮስ የመብራት ሠራተኞች በጣቢያው ላይ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ እየተሻገሩ ይሠሩ ነበር። የፋኖሱ ብርሃን ጢስ የበዛበትና ለንባብ የማይበቃ ስለ ሆነ፣ በበርሊን ይኖር የነበረው ዩልዩስ ፒንች ከዘይት የሚወጣውን ጋዝ አምቆ ከፉርጎው ወለል በታች በተገጠመ በርሜል ውስጥ የሚያስቀምጥበትን ዘዴ አዘጋጀ፤ ዘዴውም በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በብዙ አገሮች ባቡሮች ላይ ተሠራበት። ጋዙ ከዘይቱ ይልቅ የጠራ ብርሃን ቢሰጥም መዘዝ ነበረበት፤ በ1915 በስኮትላንድ ኲንቲንስሂል በተባለ ስፍራ አምስት ባቡሮች በተጋጩበት አደጋ፣ ከእንጨት የተሠሩት ፉርጎዎች ከነጋዝ በርሜላቸው ተቃጥለው ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ ከሟቾቹም አብዛኞቹ ወደ ጦር ግንባር የሚጓዙ ወታደሮች ነበሩ።

የኤሌክትሪክ ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ በባቡር ላይ የበራው በ1881 ከሎንዶን ወደ ብራይተን በሚሄድ፣ ፑልማን በተባለ የቅንጦት ፉርጎ ውስጥ ሲሆን፣ ኃይሉ የተገኘው በፉርጎው ከተጫነ ባትሪ ነበር። ባትሪው ግን ኃይሉ ባለቀ ቁጥር በጣቢያ መሞላት ስለሚያስፈልገው ነገሩ በግማሽ የቀረ መፍትሔ ሆነ። የተሟላው መፍትሔ የተገኘው በ1890ዎቹ ነው፤ የሎንዶኑ የስቶን ኩባንያ በፉርጎው ዘንግ ላይ በቺንጋ የተያያዘ ዲናሞ ገጠመ፤ ባቡሩ ሲሄድ የዘንጉ መዞር ዲናሞውን እያዞረ መብራቱንም ያበራል፣ ባትሪውንም ይሞላል፤ ባቡሩ ሲዘገይ ወይም በጣቢያ ሲቆም ደግሞ ባትሪው ተራውን ተቀብሎ ብርሃኑን ያስቀጥላል። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ ከመንኮራኩሩ ዘንግ ኃይል ማግኘት፣ ያገኙትንም ጥቂት አጠራቅሞ ለማጣት ሰዓት ማቆየት፣ እነዚህ ሁለት አሳቦች በጠረጴዛ ላይ በሚሄደው ንዑስ ባቡር ዘንድ እንዳሉ እናገኛቸዋለን።

ወደ ንዑሱ ባቡር ስንመለስ፣ በጀርመን አገር በጎፒንገን ከተማ በ1859 የተቋቋመው የሜርክሊን ኩባንያ በ1891 በላይፕዚሽ የንግድ ትርዒት ላይ የሐዲዶችን ስፋት በየመደቡ ወስኖ ባቀረበ ጊዜ፣ አንድ ሰው ዛሬ የገዛውን ፉርጎ ነገ ከሚገዛው ሐዲድ ጋር ሊያስማማ የሚችልበት ሥርዓት ተጀመረ። ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋው መደብ ኤች ኦ የሚባለው ሲሆን፣ በእርሱ ሁሉ ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። በአውሮፓ የተለመደው 26.4 ሜትር የሚረዝም የመንገደኞች ፉርጎ በዚህ መደብ ሲሠራ ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚህም የሚያንሱ አሉ፤ ኤን በተባለው መደብ ልኩ አንድ 160ኛ፣ የሐዲዱ ስፋትም 9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሜርክሊን በ1972 ያወጣው ዜድ የተባለው መደብ ደግሞ አንድ 220ኛ ሆኖ የሐዲዱ ስፋት 6.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። መደቡ ባነሰ መጠን ፉርጎው ይቀልላል፤ ፉርጎው በቀለለ መጠን መንኮራኩሩ ሐዲዱን የሚጫንበት ኃይል ስለሚቀንስ ግንኙነቱ ይላላል፤ ስለሆነም ትንሽ ፉርጎን ማብራት ከትልቁ ይልቅ የሚያስቸግር ሆኖ ይገኛል።

ኃይሉ በሐዲዱ ላይ የሚላክበት መንገድ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው አንዱ ሐዲድ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጋቲቭ ሆኖ እስከ 12 ቮልት የሚደርስ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚላክበት ነው፤ የባቡሩ ፍጥነት በቮልቱ ማነስና መብዛት፣ የጉዞው አቅጣጫ ደግሞ በፖዘቲቭና በኔጋቲቭ መለዋወጥ ይወሰናል። በዚህ ሥርዓት የፉርጎው መብራት የባቡሩ ፍጥነት ተገዥ ይሆናል፤ ባቡሩ ሲፈጥን ይደምቃል፣ ሲዘገይ ይደበዝዛል፣ በጣቢያ ሲቆም፣ መንገደኛው መብራት በሚሻበት በዚያው ሰዓት ማለት ነው፣ ፈጽሞ ይጠፋል። ሁለተኛው የሜርክሊን ነባር ሥርዓት ሲሆን፣ ሁለቱ ሐዲዶች እንደ አንድ ሽቦ ተቆጥረው፣ ሌላው የኃይል መስመር በመካከላቸው በተደረደሩ ጥቃቅን የብረት ነጥቦች ላይ ያልፋል፤ ስለዚህ መብራት ያለው ፉርጎ ነጥቦቹን እየዳሰሰ የሚሄድ መጫሚያ ከሆዱ ሥር ያስፈልገዋል። ሦስተኛው በጀርመናዊው በበርንድ ሌንዝ ሥራ ላይ ተመሥርቶ በ1990ዎቹ የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ደረጃ ያወጣለት ዲጂታል ሥርዓት ነው፤ በዚህኛው ባቡሩ ቢሄድም ቢቆምም ሐዲዱ ላይ 15 ቮልት ያህል ሁልጊዜ አለ፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ በሰከንድ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ እየተገለባበጠ ይሄዳል፤ ለሎኮሞቲቩ የሚተላለፈው ትእዛዝም በዚሁ መገለባበጥ ርዝመትና እጥረት የተጻፈ ነው። ዛሬ ፉርጎን በሚገባ ማብራት የሚቻለው በአብዛኛው ይህ ሥርዓት በመኖሩ ነው።

አምፖሉ ራሱ የራሱ ታሪክ አለው። ለብዙ ዘመን ይሠራበት የነበረው ውስጡ የሚግል ክር ያለበት፣ መጠኑ ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጥ የመስታወት አምፖል ነበር። ብርሃኑ ሞቃትና ለዓይን የሚስማማ ሲሆን፣ ነቀፋው ኃይል መጨረሱና ማቃጠሉ ነው። በ16 ቮልት ላይ 50 ሚሊ አምፔር የሚስብ አንድ አምፖል ወደ ስምንት አሥረኛ ዋት ይፈጃል፤ ከዚህም የሚበዛው ወደ ሙቀት የሚለወጥ ስለ ሆነ፣ አምፖሉ ከፕላስቲኩ ጣሪያ ጋር ተጣብቆ ብዙ ሰዓት ከቆየ ጣሪያውን ያሟሽሸዋል፣ አልፎም ያቀልጠዋል። በየፉርጎው ሦስት ሦስት አምፖል ያለው አሥር ፉርጎ ቢቀጣጠል ለመብራቱ ብቻ አንድ አምፔር ተኩል ይጠየቃል፤ ባቡሩን የሚጎትተው ዘመናዊ ሎኮሞቲቭ ግን የዚህን ሢሶ እንኳ ብዙ ጊዜ አይፈልግም። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሙሉውን ባቡር ማብራት የጥቂቶች ዕድል ሆኖ ቆየ።

ነገሩን የለወጠው ኤል ኢ ዲ የተባለው፣ ክር ሳይግልበት ከጠጣር ንጥረ ነገር ብርሃን የሚያመነጨው መብራት ነው። አሜሪካዊው ኒክ ሆሎንያክ በ1962 ለዓይን የሚታየውን ቀይ ኤል ኢ ዲ ሲሠራ፣ ነጭ ብርሃን ለማግኘት የሚያስፈልገው ሰማያዊው ገና ሩቅ ነበር፤ እርሱን ብሩህ አድርገው ለሥራ ያበቁት ጃፓን የተወለዱት ሦስቱ ጠቢባን ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ ናቸው፤ ለዚህም በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ነጩ መብራት የሚገኘው ሰማያዊውን ብርሃን ቢጫ በሚያበራ ዱቄት በመሸፈን፣ ሁለቱም ኅብሮች ተደባልቀው ለዓይን ነጭ ሆነው እንዲታዩ በማድረግ ነው። አንድ ነጭ ኤል ኢ ዲ የሚፈልገው ሦስት ቮልት ያህል ሲሆን፣ ለፉርጎ የሚበቃ ብርሃን ለመስጠት ከአንድ እስከ አምስት ሚሊ አምፔር ይበቃዋል። ነገር ግን በቀጥታ ከሐዲዱ ጋር ቢያያዝ ወዲያው ይቃጠላልና የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገታ ሬዚስተር ሊቀድመው ግድ ነው፤ ስሌቱም ቀላል ነው፤ ከ14 ቮልት ላይ የመብራቱ 3 ቮልት ሲነሣ 11 ይቀራል፤ 11 ቮልት ለ5 ሚሊ አምፔር ሲካፈል 2200 ኦም ይሆናል።

ዛሬ በገበያ የሚገኘው ተለጣፊ የኤል ኢ ዲ ጥቅል ይህን ሥራ አቃልሎታል። በአንድ ሜትር 60 መብራት ያለበት ባለ 12 ቮልት ጥቅል በየአምስት ሳንቲ ሜትሩ የመቁረጫ ምልክት አለው፤ በየቁራጩም ሦስት መብራትና አንድ ሬዚስተር ተራ በተራ ተያይዘዋል። ለ30 ሳንቲ ሜትሩ ፉርጎ ስድስት ቁራጭ፣ ማለትም 18 መብራት ይገባል፤ ተጨማሪ ሬዚስተር በመግቢያው ላይ አኑሮ ብርሃኑን ዝቅ በማድረግ፣ ሙሉው ፉርጎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ አምፔር በሚሆን ኃይል እንዲያድር ማድረግ ይቻላል። ቀድሞ አንድ አምፔር ተኩል ይፈጅ የነበረው የአሥር ፉርጎ ባቡር እንግዲህ ከአሥር እጅ አንድ እጁ ይበቃዋል ማለት ነው።

አሁን አንድ የኤች ኦ ፉርጎ ገልብጠን ከሥሩ እንመልከት። ፉርጎው በሁለት ቦጂዎች ላይ ተቀምጧል፤ እያንዳንዱ ቦጂ ሁለት ዘንግ፣ እያንዳንዱ ዘንግ ሁለት መንኮራኩር አለው። መንኮራኩሮቹ የፕላስቲክ ከሆኑ በብረት መለወጥ የመጀመሪያው ሥራ ነው። የብረት ሲሆኑም የአንዱ ዘንግ የግራና የቀኝ መንኮራኩር በኤሌክትሪክ መገናኘት የለባቸውም፤ ቢገናኙ ሁለቱን ሐዲዶች አያይዘው ሾርት ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ፋብሪካው አንደኛውን መንኮራኩር ከዘንጉ የሚለይ ስስ የፕላስቲክ ቀለበት በመካከል ያገባል። ባለሙያው አስቀድሞ የትኛው ወገን ከዘንጉ ጋር እንደ ተገናኘ፣ የትኛው እንደ ተለየ ቴስተር በተባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ይመረምራል፤ ከዚያም የአንደኛውን ቦጂ ዘንጎች የተገናኘው ወገናቸው ወደ ቀኝ፣ የሁለተኛውን ደግሞ ወደ ግራ እንዲሆን አዙሮ ይተክላቸዋል፤ በዚህም አንደኛው ቦጂ ከቀኙ ሐዲድ፣ ሁለተኛው ከግራው ሐዲድ ኃይል ይቀበላል።

ኃይሉን ከሚዞረው ዘንግ ተቀብሎ ወደ ቆመው ሽቦ የሚያሻግረው ከፎስፎር ነሐስ የተሠራ፣ ተጫኑት ሲለቁት እንደ ሞላ ወደ ቦታው የሚመለስ ስስ ስንጥር ነው። ከዚህ ሥራ ሁሉ እጅግ ጥንቃቄ የሚሻው የዚህ ስንጥር አገጣጠም ነው፤ ዘንጉን አጥብቆ ከተጫነው ፍሬን ይሆንበታል፤ አላልቶ ከነካው ደግሞ በየመንቀጥቀጡ እየራቀ መብራቱን ያርገበግበዋል። አንድ ፉርጎ ጥቂት ቢከብድ ሎኮሞቲቩ አይሰማውም፤ አሥሩ በአንድነት ሲከብዱ ግን ዳገት ላይ መንኮራኩሩ በቦታው እየዞረ ባቡሩ ይቆማል። ስለዚህ ስንጥሩ ከተገጠመ በኋላ ፉርጎው በጥቂቱ ባዘነበለ ሐዲድ ላይ ይለቀቃል፤ በራሱ ተንከባልሎ ከወረደ ደኅና ነው፤ ከዘገየ ወይም ከቆመ በቀጭን ጉጠት የስንጥሩን ጫፍ እየመለሱ ማለዘብ ያስፈልጋል። ሽቦውም በመበየጃ ከስንጥሩ ጋር የሚያያዘው ስንጥሩ ቦጂው ላይ ከመሰካቱ በፊት ነው፤ ከተሰካ በኋላ ቢበየድ የመበየጃው ግለት ፕላስቲኩን አቅልጦ ዘንጉን ያጣምመዋል።

ሽቦው ከቦጂው ወደ ፉርጎው የሚገባው ቦጂው በሚዞርበት ምሶሶ አጠገብ በተበሳች ቀዳዳ ነው። ቀጭንና ለስላሳ ሊሆን ይገባዋል፤ ርዝመቱም ቦጂው በጥምዝ ሐዲድ ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር እንዳይወጥር ትርፍ ሊኖረው ይገባል። ደረቅና አጭር ሽቦ ቦጂውን ወደ አንድ ወገን እየገፋ ፉርጎውን ከሐዲድ ያወጣዋል፤ ብዙ ጊዜም ጀማሪው ጥፋቱን ከሐዲዱ ላይ ሲፈልግ ይውላል። አንዳንዶች ደግሞ በየፉርጎው ኃይል ከመልቀም ይልቅ ኃይል የሚያስተላልፍ ማያያዣ ገጥመው፣ የባቡሩን ፉርጎዎች በሙሉ በአንድ መስመር ያገናኛሉ፤ ያን ጊዜ አንዱ ያጣውን ሌላው ይሰጠዋል። ነገር ግን ሐዲዱ ሲግናል ባለባቸው ክፍሎች ተለያይቶ የተሠራ ከሆነ፣ እንዲህ የተያያዘ ባቡር ሕያው የሆነውን ክፍል ኃይል ወደ ጠፋበት ክፍል ሊያሻግር ስለሚችል ማስተዋል ያሻል።

ምንም ያህል ቢጠነቀቁ ግንኙነቱ መቋረጡ አይቀርም። ሐዲዱ ላይ ጥቁር እድፍ ይጋገራል፤ እርሱ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ቢወለወል ይለቃል፤ በሐዲድ መገንጠያ መካከል ያለው ግን ኃይል የማያልፍበት የፕላስቲክ ክፍል ስለ ሆነ፣ መንኮራኩሩ በላዩ ሲያልፍ ለቅጽበት ኃይል ያጣል። እዚህ ላይ ነው የማጠራቀም አሳብ የሚገባው። በመጀመሪያ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ አራት ዲዮዶች በአራት ማዕዘን ቅርጽ ተያይዘው የሚሠሩት ድልድይ ከሐዲዱ የሚመጣውን፣ ፖዘቲቩ ወዲያም ቢሆን ወዲህ፣ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ እንዲወጣ ያስተካክለዋል፤ ለዚህ አገልግሎቱም አንድ ቮልት ተኩል ያህል ያስቀራል። ከድልድዩ ቀጥሎ ካፓሲተር ይተከላል። የካፓሲተሩ ሥራ በየቤቱ ጣሪያ ላይ ከሚሰቀለው የውሃ ሮቶ የተለየ አይደለም፤ ቧንቧው ሲመጣ ይሞላል፣ ቧንቧው ሲሄድ ለቤቱ ያካፍላል፤ ከታች ያለው ሰው የውሃውን መምጣትና መሄድ አያውቅም።

የሮቶውን ልክ መወሰን ግን በግምት አይደለም። 1000 ማይክሮ ፋራድ ያለው ካፓሲተር ከ14 ቮልት ወደ 9 ቮልት እስኪወርድ ድረስ፣ ፉርጎው 10 ሚሊ አምፔር ቢስብ፣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ያቆየዋል፤ ከ9 ቮልት በታች የተለጣፊው ጥቅል መብራቶች ይደበዝዛሉ። ግማሽ ሰከንድ ለጆሮ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን በእውነተኛው ሚዛን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በኤች ኦ ሐዲድ ላይ በሰከንድ 19 ሳንቲ ሜትር ይሄዳልና፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር የሆነውን የመገንጠያውን ፕላስቲክ ለማለፍ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ብዙ አይበልጥበትም። ካፓሲተሩ አምስት እጥፍ ያህል ይተርፈዋል ማለት ነው። ሁለት ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ይህ ዓይነቱ ካፓሲተር ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ተገልብጦ ከተያያዘ ይግላል፣ ያብጣል፣ ይፈነዳልም። ሁለተኛ፣ ባዶ ካፓሲተር ኃይል በመጣበት ቅጽበት ሾርት የሆነ ያህል ስለሚስብ፣ አሥር ፉርጎ በአንድ ጊዜ ሲሞላ የኃይል ማደያው አደጋ የደረሰ መስሎት ራሱን ያጠፋል፤ ስለዚህ በመሙያው መንገድ 100 ኦም ሬዚስተር ይቆምበታል፤ በመልቀቂያው መንገድ ግን ዲዮድ ይደረግለትና ያለ እንቅፋት እንዲሰጥ ይፈቀድለታል።

ከሐዲዱ ምንም ሳይቀበል የሚያበራ ሌላ መንገድም አለ፤ እርሱም በፉርጎው ውስጥ ሳንቲም የምትመስል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አኑሮ፣ ከጣሪያው ሥር በተደበቀ ማግኔት በሚሰማ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ከውጭ ማግኔት አስጠግቶ ማብራትና ማጥፋት ነው። አምፖል ለማይበዛበት ፉርጎም ሆነ መንኮራኩሩ የፕላስቲክ ለሆነ አሮጌ ዕቃ ይህ ተስማሚ ነው፤ ሁለት ሚሊ አምፔር ብቻ የሚስብ ከሆነ መቶ ሰዓት ያህል ሊያገለግል ይችላል። ሆኖም ባትሪው ባለቀ ቁጥር ጣሪያውን መክፈት ስለሚያስፈልግ፣ ይህ መንገድ የ1881ዱን የብራይተን ፉርጎ ዕጣ ይጋራል።

መንኮራኩሩና ማጠራቀሚያው ከተስተካከሉ በኋላ የሚቀረው የብርሃኑ ልክ ነው፤ በዚህም ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት በማሳነስ ሳይሆን በማብዛት ነው። ነጭ ኤል ኢ ዲ ርካሽና ብርቱ ስለ ሆነ፣ ሙሉ ኃይሉን ከሰጡት ፉርጎው የቀዶ ጥገና ክፍል ይመስላል። በክር አምፖል ይበራ ለነበረ የጥንት ፉርጎ ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን የተባለው ሞቃት ነጭ ይስማማዋል፤ በፍሎረሰንት ይበራ ለነበረው የኋለኛ ዘመን ፉርጎ 4000 አካባቢ ያለው ቀዝቀዝ ያለ ነጭ ይገባዋል። ሰማያዊ የሚያመዝንበት መብራት ያለው ሰው ደግሞ ብርሃን አሳላፊ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ቀለም በቀጭኑ ቀብቶ ያሞቀዋል። ልኩም የሚመዘነው ባቡሩ በሚታይበት ብርሃን ውስጥ ነው፤ በሃምቡርግ ወደብ በአሮጌዎቹ መጋዘኖች ሰፈር መንታዎቹ ወንድማማቾች ፍሬደሪክና ገሪት ብራውን በ2001 የከፈቱት ሚኒያቱር ቩንደርላንድ የተባለው ታላቅ የንዑስ ባቡር ትርዒት፣ የአዳራሹን መብራት በየ15 ደቂቃው ዑደት ከቀን ወደ ሌሊት ከሌሊት ወደ ቀን የሚያፈራርቀው ስለዚሁ ነው፤ በቀን ደካማ የመሰለው የፉርጎ መብራት አዳራሹ ሲጨልም በቂ ሆኖ ይገኛልና።

ብርሃን ደግሞ የተሰወረውን ሁሉ ይገልጣል። መብራት ሳይገባበት ውጭው ያማረ ውስጡን ለቄስ የነበረው ፉርጎ፣ ሲበራ ባዶ ወንበሮቹ፣ ያልተቀባ ፕላስቲኩና በጣሪያው የተጋደሙት ሽቦዎቹ በመስኮቱ ይታያሉ። ግድግዳው ስስ ከሆነ ብርሃኑ በፕላስቲኩ አልፎ ፉርጎው ሁለንተናው ይቀላል፤ ይህን ለመከልከል ውስጡ አስቀድሞ በጥቁር፣ በላዩም በነጭ ቀለም ይቀባል፤ ጥቁሩ ብርሃኑን ያግዳል፣ ነጩ ወደ ወንበሮቹ ይመልሰዋል፤ ጣሪያው ከግድግዳው ጋር በሚጋጠምበት ስንጥቅ ደግሞ ጥቁር ፕላስተር ይለጠፋል። ወንበሩ በየማዕረጉ ይቀባል፤ መንገደኞችም ይቀመጡበታል፤ በጀርመን አገር ከ1906 ጀምሮ የሚሠራው ፕራይዘር የተባለው ኩባንያ ለዚሁ የሚሆኑ ቁመታቸው ሁለት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ሰዎችን ይሸጣል፤ ብዙዎቹን ወንበሩ ላይ ለማስቀመጥ እግራቸውን ከጉልበት በታች መቁረጥ ግድ ይሆናል፤ ከመስኮቱ በታች ስለሚውል ግን የሚያየው የለም። ለምግብ ቤት ፉርጎ የሚተጋ ሰው ከዚህም አልፎ በየገበታው ላይ የጠረጴዛ መብራት ያቆማል፤ ለዚህ የሚውለው ኤል ኢ ዲ ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከርሱ ጋር የሚያያዘው ሽቦ ከፀጉር እምብዛም አይወፍርም፤ ሥራውም በማጉያ መስታወት ሥር፣ እጅን በጠረጴዛ ጠርዝ ደግፎ፣ ትንፋሽን ገታ እያደረጉ የሚፈጸም ነው።

እንግዲህ ይህን ሙያ ለመያዝ የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ የሱቅ መስኮት የሚያሳየው ቅደም ተከተል እንዳያታልለው እንመክረዋለን። ሱቁ አስቀድሞ የሚያቀርበው መብራቱን ነው፤ እርሱ ያምራልና። የሥራው እውነተኛ ቅደም ተከተል ግን የተገላቢጦሹ ነው። አሥር ፉርጎ በአንድ ጊዜ ከማበላሸት አንዱን ወስዶ፣ የብረት መንኮራኩር አግብቶ፣ ስንጥሩን አለዝቦ፣ በሐዲዱ ዙሪያ ደጋግሞ አስኪዶ፣ ከድልድዩ በኋላ ያለውን ቮልት በቴስተር መመልከት ይገባል፤ መርፌው ሳይወዛወዝ ከቆመ ካፓሲተሩን ይጨምር፤ ከተወዛወዘ ወደ መንኮራኩሩ ይመለስ እንጂ በትልቅ ካፓሲተር ሊሸፍነው አይሞክር፤ የማይሞላ ሮቶ ቢተልቅ ትርፉ ክብደት ነውና። ይህ ሁሉ ከተሟላ፣ ከሁሉ የሚቀልለውና ከሁሉ የሚረክሰው ክፍል ብቻ ይቀረዋል፤ ያን ጊዜ አምፖሉን ሄዶ ይግዛ።